ዴቪድ ሎይድ ጆርጅ

ዴቪድ ሎይድ ጆርጅ (ጃንዋሪ 17 ቀን 1863 – ማርች 26 ቀን 1945 እ.ኤ.አ.) የብሪታንያ ፖለቲከኛና ከዲሴምበር 1916 እስከ ኦክቶበር 1922 ድረስ የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። እርሳቸው የሊበራል ፓርቲ ሰው ሲሆኑ፣ የመሩት መንግሥት ግን በዋናነት በተቀናቃኛቸው በወግ አጥባቂ ፓርቲ ድምፅ የቆመ ጥምር መንግሥት ነበር። አንደኛውን የዓለም ጦርነት በድል ያጠናቀቁት በዚህ ጥምረት ነው፤ ከሥልጣን ያወረዳቸውም ይኸው ጥምረት ነው። ከእርሳቸው ወዲህ ከሊበራል ፓርቲ ወጥቶ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነ ሰው የለም።

በዚህ ገጽ ላይ ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በስተቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ሎይድ ጆርጅ የተወለዱት በማንችስተር ከተማ ቢሆንም ወላጆቻቸው የዌልስ ተወላጆች ነበሩ። በአማርኛ ብዙ ጊዜ መላውን ብሪታንያ «እንግሊዝ» ስለምንል ይህ ልዩነት በቀላሉ ይረሳል። ዌልስ የራሷ ቋንቋ ያላት አገር ናት፤ የሎይድ ጆርጅም የአፍ መፍቻ ቋንቋ ዌልሽ ነበር። ከብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትሮች ሁሉ እንግሊዝኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ የተማሩት እርሳቸው ብቻ ናቸው።

አባታቸው ዊልያም ጆርጅ አስተማሪ ነበሩ፤ ልጃቸው ሁለት ዓመት ሳይሞላው በ1864 ሞቱ። እናታቸው ኤልሳቤጥ ልጆቻቸውን ይዘው በሰሜን ዌልስ ወደምትገኘው ላኒስቲምድዊ መንደር፣ ወደ ወንድማቸው ወደ ሪቻርድ ሎይድ ቤት ገቡ። ሪቻርድ ሎይድ ጫማ ሰፊና የባፕቲስት ሰባኪ ነበሩ። የእህታቸው ልጅ ጠበቃ እንዲሆን ስለፈለጉ፣ ለፈተናው የሚያስፈልጉትን ፈረንሳይኛና ላቲን ራሳቸው ከመጽሐፍ እየተማሩ ያስተምሩት ነበር። የቤተሰቡ ስም «ጆርጅ» ብቻ ነው፤ «ሎይድ» የተጨመረው ከእኚህ አጎት ስም ነው።

በ1884 የጥብቅና ፈተናቸውን አልፈው ብዙም ሳይቆዩ የራሳቸውን ቢሮ ከፈቱ። ስማቸው በዌልስ የታወቀው በ1888 በአንድ የቀብር ጉዳይ ነው። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ተከታይ ያልሆነ አንድ ሽማግሌ በሰበካው መካነ መቃብር በራሱ እምነት ሥርዓት እንዳይቀበር ቄሱ ከልክለው ነበርና፣ ወጣቱ ጠበቃ ለቤተሰቡ ተከራክረው ረቱ። በዚያው ዓመት ማርጋሬት ኦወንን አገቡ፤ አምስት ልጆችም ወለዱ።

ወደ ፓርላማ

በኤፕሪል 1890 በካናርቮን የምርጫ ክልል በተደረገ የማሟያ ምርጫ በ18 ድምፅ ብቻ በልጠው ፓርላማ ገቡ። ይህችን ወንበር ለ55 ዓመታት አልለቀቁም።

በደቡብ አፍሪካ የቦር ጦርነት (1899–1902) ወቅት ጦርነቱን በግልጽ በመቃወማቸው ብዙ ጠላት አፈሩ። በዲሴምበር 1901 በርሚንግሃም ከተማ ንግግር ሊያደርጉ ሄደው አዳራሹ በተቆጣ ሕዝብ ስለተከበበ፣ የፖሊስ ልብስ ለብሰው ነው ያመለጡት። በ1905 ሊበራሎች ሥልጣን ሲይዙ የንግድ ሚኒስትር ሆኑ፤ በ1908 ደግሞ ኸርበርት አስኩዊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ የገንዘብ ሚኒስትርነቱን ተረከቡ።

በዚህ ሥልጣን ላይ የሠሩት ሥራ ለብቻው ገጽ የሚገባው ነው። ዕድሜያቸው ከ70 በላይ ለሆነ ድሆች በሳምንት እስከ 5 ሺሊንግ የሚከፍለው ጡረታ ከጃንዋሪ 1909 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። በ1909 ያቀረቡትና በሀብታሞችና በባለርስቶች ላይ ግብር የጨመረው በጀት በሎርዶች ምክር ቤት ተጣለ። በ1910 ሁለት ምርጫ ከተካሄደ በኋላ በ1911 የወጣው ሕግ የሎርዶችን በጀት የመጣል ሥልጣን ሰረዘ። በዚያው ዓመት ለሠራተኞች የሕመምና የሥራ አጥነት መድን ተቋቋመ።

ለኋላ ታሪካቸው ግን ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ያኔ ብዙ ሰው ያላወቀው አንድ ነገር ይበልጣል። በ1910 ክረምት ሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች በሎርዶች ጉዳይ እንደ ባላንጣ ተፋጠው ሳለ፣ ሎይድ ጆርጅ ፓርቲዎቹ ተጣምረው እንዲገዙ የሚል ምስጢራዊ ማስታወሻ ጽፈው ለሁለቱም ወገን መሪዎች አሳዩ። ሐሳቡ ተቀባይነት አላገኘም። ቢሆንም በአደባባይ ወግ አጥባቂዎችን በብርቱ የሚዘልፉት ሰው በጓዳ ከእነርሱ ጋር መሥራትን ያን ጊዜም ያስቡ እንደነበር ያሳያል።

የመጀመሪያው ጥምር መንግሥት

ጦርነቱ በኦገስት 1914 ሲጀመር ሊበራሎች ብቻቸውን ያስተዳድሩ ነበር። በሜይ 1915 የመድፍ ጥይት እጥረት በጋዜጣ ወጣ፤ የጋሊፖሊው ዘመቻ ተሰናከለ፤ የባሕር ኃይሉ አዛዥ ሎርድ ፊሸርም ሥራቸውን ለቀቁ። አስኩዊዝ መንግሥታቸውን ለማትረፍ ከወግ አጥባቂዎች ጋር ለመጣመር ተገደዱ።

ጥምረቱ ከመጀመሪያው ቅሬታ ነበረበት። ወግ አጥባቂዎች ያኔ ሊበራል የነበሩት ዊንስተን ቸርችል ከባሕር ኃይል ሚኒስትርነት እንዲነሡ ጠየቁ፤ ተፈጸመላቸው። አስኩዊዝ በበኩላቸው ዋና ዋናዎቹን ወንበሮች ለራሳቸው ሰዎች አስቀርተው ለወግ አጥባቂው መሪ ለቦነር ሎው የቅኝ ግዛት ሚኒስትርነትን ብቻ ሰጧቸው። በጦርነት ጊዜ ይህ ወንበር የመናቅ ያህል ነበር።

ሎይድ ጆርጅ አዲስ የተቋቋመውን የጦር መሣሪያ ማምረቻ ሚኒስቴር ያዙ። ፋብሪካዎችን በመንግሥት ቁጥጥር ሥር አደረጉ፤ ሴቶችን በብዛት በሥራ አሠማሩ፤ ምርቱም በፍጥነት ጨመረ። በጁን 1916 የጦር ሚኒስትሩ ሎርድ ኪችነር በመርከብ አደጋ ሲሞቱ ቦታቸውን ተኩ።

በዚህ መካከል የግዴታ ውትድርና ጉዳይ መጣ። ለሊበራሎች ግለሰብን አስገድዶ ማዝመት ከፓርቲያቸው መሠረታዊ እምነት ጋር የሚጋጭ ነበር፤ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጆን ሳይመን በዚህ ምክንያት በጃንዋሪ 1916 ሥልጣን ለቀቁ። ሎይድ ጆርጅ ግን ከወግ አጥባቂዎች ጎን ቆሙ። የራሳቸው ፓርቲ ሰዎች በጥርጣሬ ማየት የጀመሯቸው ከዚህ ወዲህ ነው።

ዲሴምበር 1916

የሶም ውጊያ እጅግ ብዙ ሰው ፈጅቶ ያለ ውጤት ካበቃ በኋላ፣ ሎይድ ጆርጅ፣ ቦነር ሎውና ኤድዋርድ ካርሰን አንድ ሐሳብ ይዘው ቀረቡ፤ ሦስቱን ያገናኘው የጋዜጣ ባለሀብት የሆነው ማክስ ኤትከን ነበር። ሐሳቡ ጦርነቱን ሎይድ ጆርጅ በሚመሩት አነስተኛ ኮሚቴ ማካሄድ ነው። አስኩዊዝ የጠቅላይ ሚኒስትርነቱን ስም ይዘው ይቆያሉ፤ ኮሚቴው ውስጥ ግን አይቀመጡም።

አስኩዊዝ ዲሴምበር 3 ቀን ሐሳቡን ተቀበሉ። በማግስቱ ታይምስ ጋዜጣ እርሳቸውን ዝቅ የሚያደርግ ጽሑፍ ሲያወጣ ወሬው ከሎይድ ጆርጅ ወገን እንደወጣ በመጠርጠር ስምምነቱን አፈረሱ። ሎይድ ጆርጅ ዲሴምበር 5 ሥልጣን ለቀቁ፤ ወግ አጥባቂ ሚኒስትሮችም ከአስኩዊዝ ጋር እንደማይቀጥሉ አስታወቁ። በዚያው ምሽት አስኩዊዝ ራሳቸው ወረዱ። ንጉሥ ጆርጅ 5ኛ መጀመሪያ ቦነር ሎውን ጠየቁ፤ አስኩዊዝ ከእርሳቸው ሥር ለመሥራት እምቢ ስላሉ ቦነር ሎው አልቻሉም። ዲሴምበር 7 ቀን ሎይድ ጆርጅ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ።

ሹመቱ በነጻ የተገኘ አልነበረም። አንጋፋዎቹ ወግ አጥባቂዎች ለመደገፍ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጡ፤ ጄኔራል ዳግላስ ሄግ ከጦር አዛዥነት አይነሡም፤ ቸርችልም ካቢኔ አይገቡም። ከሊበራሎቹ ደግሞ ግማሽ ያህሉ ከአስኩዊዝ ጋር ቀሩ። አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር እንግዲህ የሚመሩት ፓርቲ አልነበራቸውም፤ የፓርቲው ሊቀመንበርነትም፣ ጽሕፈት ቤቱም በአስኩዊዝ እጅ ነበር።

ጦርነቱን የሚመራ አምስት አባላት ያሉት ካቢኔ አቋቋሙ፤ ከሎይድ ጆርጅ በቀር ሦስቱ ወግ አጥባቂዎች (ቦነር ሎው፣ ሎርድ ከርዘንና ሎርድ ሚልነር)፣ አንዱ የሌበር ፓርቲው አርተር ሄንደርሰን ነበሩ። የጥምረቱ ጥንካሬ በሎይድ ጆርጅና በቦነር ሎው የግል መተማመን ላይ የቆመ ነበር። ጎረቤት ሆነው በዳውኒንግ ጎዳና ቁጥር 10ና 11 ይኖሩ ነበር፤ በየማለዳው ተገናኝተው ይመክሩ ነበር። ቦነር ሎው በፓርላማ ሲያስተባብሩ ሎይድ ጆርጅ ጦርነቱን ይከታተላሉ።

ከሌበር ጋር ያለው ግንኙነት ግን ቶሎ ሻከረ። ሄንደርሰን በ1917 በስቶክሆልም ሊደረግ ታስቦ በነበረው የሶሻሊስቶች ጉባኤ የብሪታንያ ሌበር እንዲካፈል ደገፉ። ባልደረቦቻቸው ጉዳዩን በዝግ ሲነጋገሩበት እርሳቸውን ከካቢኔው በር ውጭ ለረጅም ጊዜ አስቆሟቸው። ሄንደርሰን በኦገስት 1917 ከመንግሥት ወጥተው ፓርቲያቸውን እንደገና ወደ ማደራጀት ሄዱ። ያ ድርጅት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሊበራሎችን ከቦታቸው የገፋው ስለሆነ፣ በር ላይ የተደረገችው ያች ማስጠበቅ ዋጋዋ ትንሽ አልነበረም።

ሄግን በተመለከተ የተሰጠው ቃል ጠቅላይ ሚኒስትሩን አሰራቸው። በ1917 የፓሽንዴል ውጊያ ከብሪታንያ ወገን ከ200 ሺህ በላይ ሰው ሲሞትና ሲቆስል፣ ሎይድ ጆርጅ በዘመቻው ሳያምኑበት አላስቆሙትም። ሄግን ቢያነሡ ወግ አጥባቂዎች መንግሥቱን እንደሚጥሉት ያውቁ ነበር። ለዚህ ሰበብ አይሆንም የሚሉ አሉ፤ ሎይድ ጆርጅም በጻፉት የጦርነት ማስታወሻ ጥፋቱን በሙሉ በጄኔራሎቹ ላይ ስለጣሉ ትችቱ ተገቢ ይመስላል። በሌላ በኩል የንግድ መርከቦች በጦር መርከብ ታጅበው እንዲጓዙ በመደረጉ አገሪቱ ከረሃብ ድናለች፤ በዚህ ላይ የእርሳቸው ግፊት ድርሻ ነበረው።

የኩፖን ምርጫ

በሜይ 1918 ጄኔራል ፍሬድሪክ ሞሪስ መንግሥት ስለ ሠራዊቱ ብዛት ፓርላማውን አሳስቷል ብለው በጋዜጣ ጻፉ። አስኩዊዝ ጉዳዩ እንዲመረመር ጠየቁ፤ መንግሥት 293 ለ 106 በሆነ ድምፅ አሸነፈ። ሊበራሎች በአደባባይ ለሁለት ተከፍለው የታዩት በዚህ ቀን ነው።

ጦርነቱ በኖቬምበር 1918 ሲያበቃ ሌበር ከጥምረቱ ወጣ። ሎይድ ጆርጅና ቦነር ሎው ግን አብረው ወደ ምርጫ ለመሄድ ተስማሙ። መንግሥት ለሚደግፋቸው ዕጩዎች ሁለቱ መሪዎች የፈረሙበት ደብዳቤ ተሰጠ። አስኩዊዝ ይህን ደብዳቤ የጦርነት ጊዜውን የምግብ ማከፋፈያ ወረቀት አስታውሰው «ኩፖን» ብለው ቀለዱበት፤ ስሙም ለምርጫው ቀረ። ኩፖን ያገኙት ሊበራሎች 150 ገደማ ብቻ ነበሩ። ኩፖን የተከለከሉት በሞሪስ ጉዳይ መንግሥትን የተቃወሙ ናቸው የሚለው አባባል በሰፊው ይነገራል፤ እውነቱ ግን አብዛኛው ድልድል አስቀድሞ በሁለቱ ወገኖች ድርድር የተወሰነ ነበር።

በዲሴምበር 14 ቀን 1918 በተደረገው ምርጫ ጥምረቱ ፓርላማውን ጠቀለለ። ኩፖን የያዙት ወግ አጥባቂዎች ከ330 በላይ፣ የሎይድ ጆርጅ ሊበራሎች 130 ገደማ ወንበር አገኙ። አስኩዊዝ ራሳቸው ተሸነፉ። ከአሸናፊዎቹ ቁጥር እንደሚታየው ግን ድሉ የሎይድ ጆርጅ ነው፤ ብልጫው የወግ አጥባቂዎች ነው። ወግ አጥባቂዎች ከፈለጉ ያለ እርሳቸው መግዛት ይችሉ ነበር፤ እርሳቸው ያለ ወግ አጥባቂዎች አንድ ቀን መዋል አይችሉም።

ጥምረቱ ሲላላ

በ1919 ሎይድ ጆርጅ ብዙውን ጊዜ በፓሪስ የሰላም ጉባኤ ላይ ነበሩ፤ ከዉድሮው ዊልሰንና ከጆርጅ ክሌማንሶ ጋር የቬርሳይን ውል አዘጋጁ። ሲመለሱ ጥምረቱን አንድ አድርጎ የሚይዘው ጦርነት አልቆ ነበር። በማርች 1920 ሁለቱን ፓርቲዎች ወደ አንድ አዲስ ፓርቲ ለማዋሐድ ሞከሩ። እንቅፋት የሆኑት የራሳቸው ሊበራል ሚኒስትሮች ነበሩ፤ ስማችንን አንጥልም አሏቸው።

ከዚያ በኋላ በየጉዳዩ መጎሻሸም ሆነ። ለተመላሽ ወታደሮች የመንግሥት ቤት እንዲሠራ በ1919 ሕግ ያወጡት ሊበራሉ ክሪስቶፈር አዲሰን፣ ወግ አጥባቂዎች ወጪው በዛ ብለው ስለጮኹባቸው በ1921 ከሥልጣን ተገፉ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የቆየ ወዳጃቸውን አላዳኗቸውም። በማርች 1922 ደግሞ የሕንድ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኤድዊን ሞንታጉ፣ ሌላው ሊበራል፣ የሕንድ እንደራሴ ስለ ቱርክ የላኩትን ቴሌግራም ካቢኔ ሳያስፈቅዱ በማሳተማቸው ተባረሩ።

ወግ አጥባቂዎችን ይበልጥ የቆጠቆጣቸው አየርላንድ ነበር። ፓርቲያቸው የአየርላንድን ከብሪታንያ ጋር አንድ መሆን እንደ እምነት የያዘ ነበርና፣ ሎይድ ጆርጅ በዲሴምበር 6 ቀን 1921 ከሺን ፌን መልእክተኞች ጋር ውል ሲፈርሙ ብዙዎቹ እንደ ክህደት ቆጠሩት። የፓርቲው መሪዎች ውሉን ደግፈው ስለነበር ቁጣው ከተራ የፓርላማ አባላት ወደ ራሳቸው መሪዎችም ተሻገረ። በጁን 1922 የአየርላንድ ታጣቂዎች የቀድሞውን ኤታማዦር ሹም ሰር ሄንሪ ዊልሰንን ለንደን ውስጥ በቤታቸው ደጃፍ ሲገድሏቸው ነገሩ ባሰ።

የማዕረግ ሽያጭም ነበር። ሎይድ ጆርጅ የፓርቲ ጽሕፈት ቤትና መዋጮ ስላልነበራቸው ገንዘብ የሚያሰባስቡት በማዕረግ ነበር፤ የ«ሰር» ማዕረግ በ10 ሺህ ፓውንድ፣ የሎርድነት ማዕረግ በ50 ሺህና ከዚያ በላይ ይሄድ እንደነበር ይታወቃል። ማዕረግ በገንዘብ መስጠት ከእርሳቸው በፊትም ነበር፤ ከሽያጩም ወግ አጥባቂዎች ድርሻቸውን ይወስዱ ነበር። ቅሬታቸው ከሥነ ምግባር ባልተናነሰ ስለ ክፍፍሉም ነበር ማለት ይቻላል። በ1922 በደቡብ አፍሪካ ፍርድ ቤት በማጭበርበር የተረታው የማዕድን ከበርቴ ጆሴፍ ሮቢንሰን ለሎርድነት መታጨቱ ቅሌቱን አደባባይ አወጣው። ማዕረግ መሸጥን የሚከለክለው ሕግ በ1925 ወጣ።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት የደረሰው በጸጥታ ነው። ቦነር ሎው በማርች 1921 በሕመም ምክንያት መሪነታቸውን ለቀቁ። የተተኩት ኦስተን ቻምበርሌን ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ታማኝ ቢሆኑም የተራ አባላቱን ስሜት አያዳምጡም ነበር። በ1922 መጀመሪያ ሎይድ ጆርጅ ድንገተኛ ምርጫ ለመጥራት ሲያስቡ የወግ አጥባቂዎች ሊቀመንበር ሰር ጆርጅ ያንገር በአደባባይ ተቃወሙ። ሎይድ ጆርጅ በፌብሩዋሪ ሥልጣኑን ለቻምበርሌን ለመልቀቅ ሐሳብ አቀረቡ፤ ቻምበርሌን አልቀበልም አሉ።

ቻናክና ካርልተን ክለብ

በሴፕቴምበር 1922 የሙስጠፋ ከማል የቱርክ ጦር ግሪኮችን ድል አድርጎ በዳርዳኔልስ ወሽመጥ ወደምትገኘው ቻናክ ተቃረበ። እዚያ የብሪታንያ ወታደሮች ነበሩ። ግሪኮችን ይደግፉ የነበሩት ሎይድ ጆርጅ ለጦርነት ተዘጋጁ፤ የግዛቱን አገሮችም እርዳታ ጠየቁ። ካናዳ ፓርላማዬ ሳይወስን አልልክም አለች። በስፍራው የነበሩት ጄኔራል ሃሪንግተን ለቱርኮች እንዲሰጡ የታዘዙትን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሳይሰጡ አቆይተው በድርድር ጦርነቱን አስቀሩ። ቦነር ሎው ከሕመማቸው ተሽሏቸው ነበርና፣ ብሪታንያ ብቻዋን የዓለም ዘብ ልትሆን እንደማትችል ኦክቶበር 7 ቀን በታይምስ ጋዜጣ ጻፉ። አማራጭ መሪ መኖሩን ሁሉም ተረዳ።

ቻምበርሌን አመፁን ለመቅጨት የፓርቲውን የፓርላማ አባላት ለኦክቶበር 19 ቀን ወደ ካርልተን ክለብ ጠሩ። በዚያው ማለዳ የኒውፖርት ማሟያ ምርጫ ውጤት ደረሰ። ወንበሩ ቀድሞ የጥምረቱ ሊበራሎች ነበር። ሌበር ያሸንፍና ጥምረቱ አስፈላጊ መሆኑን ያሳያል ተብሎ ሲጠበቅ፣ ጥምረቱን የሚቃወም ወግ አጥባቂ አሸነፈ። በስብሰባው ላይ እስከዚያ ድረስ እምብዛም የማይታወቁት የንግድ ሚኒስትር ስታንሊ ቦልድዊን ተነሥተው፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የራሳቸውን ፓርቲ እንዳፈረሱ ሁሉ የእኛንም ያፈርሱታል የሚል ይዘት ያለው አጭር ንግግር አደረጉ። ቦነር ሎውም ደገፏቸው። 187 ለ 87 በሆነ ድምፅ ፓርቲው በቀጣዩ ምርጫ ብቻውን እንዲቆም ተወሰነ፤ አንዳንድ ቆጠራዎች በአንድ ወይም በሁለት ድምፅ ይለያሉ። ሎይድ ጆርጅ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ለንጉሡ መልቀቂያቸውን አስገቡ። በፓርላማ ድምፅ አልተሸነፉም፤ ያወረዳቸው እርሳቸው አባል ባልሆኑበት ፓርቲ፣ በአንድ ክለብ ውስጥ የተሰጠ ድምፅ ነው።

የወግ አጥባቂዎቹ «የ1922 ኮሚቴ» ስሙን ያገኘው ከዚህ ስብሰባ ነው የሚለው የተለመደ ስሕተት ነው። ኮሚቴውን የመሠረቱት በ1922ቱ ምርጫ አዲስ የተመረጡ አባላት ሲሆኑ የተቋቋመውም በ1923 ነው።

ከሥልጣን በኋላ

በኖቬምበር 1922 ምርጫ ወግ አጥባቂዎች ከ340 በላይ ወንበር አሸነፉ። የሎይድ ጆርጅና የአስኩዊዝ ሊበራሎች ለየብቻ ቀርበው፣ ተደምረው እንኳ ከሌበር 142 ወንበር አነሱ። ሎይድ ጆርጅ ከሁለት ያጡ ሆኑ። በ1923 ከአስኩዊዝ ጋር ታረቁ፤ በሥልጣን ዘመናቸው ያከማቹት የግል የፖለቲካ ገንዘብ ግን የማያቋርጥ ጭቅጭቅ አመጣ። ከ1926 ጀምሮ ፓርቲውን መሩ። በ1929 ሥራ አጥነትን በመንገድና በቤት ግንባታ ለመቀነስ ሰፊ ዕቅድ ይዘው ቀርበው ያገኙት 59 ወንበር ነበር። በ1931 አዲስ ጥምር መንግሥት ሲቋቋም በቀዶ ሕክምና ላይ ነበሩ፤ በኋላም ተቃወሙት። በዚያ ዓመት ምርጫ ከእርሳቸው ጋር የቀሩት ልጆቻቸው ጉዊሊምና ሜጋን፣ እንዲሁም አንድ የጋብቻ ዘመዳቸው ብቻ ነበሩ።

ኢትዮጵያን የሚመለከተው የሕይወታቸው ክፍል የሚገኘው ከዚህ በኋላ ነው። በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣልያ ኢትዮጵያን ስትወር የብሪታንያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሙኤል ሆር፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ደግሞ ቦልድዊን ነበሩ። ሁለቱም በ1922 ሎይድ ጆርጅን ከጣሉት መካከል ናቸው፤ ሆር ከካርልተን ክለብ ስብሰባ በፊት ተራ አባላትን ያስተባብሩ ነበር። የኢትዮጵያን ሰፊ መሬት ለኢጣልያ የሚሰጠው የሆርና የፒየር ላቫል ዕቅድ በዲሴምበር 1935 ተጋልጦ ሆር ሥልጣን ለቀቁ። ሰኔ 11 ቀን 1928 ዓ.ም. (ጁን 18 ቀን 1936) የቦልድዊን መንግሥት በኢጣልያ ላይ የተጣለውን ማዕቀብ ለማንሣት መወሰኑን ባስታወቀ ጊዜ፣ የ73 ዓመቱ ሎይድ ጆርጅ መንግሥትን ቃሉን አጥፏል፣ ፈርቷል በማለት ክፉኛ የወረፉበትን ንግግር በፓርላማ አደረጉ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ያኔ ለንደን ነበሩ። ማዕቀቡ ግን ተነሣ።

ከሦስት ወር በኋላ እኚሁ ሰው ጀርመን ሄደው ከአዶልፍ ሂትለር ጋር ተገናኙ፤ ተመልሰውም በጋዜጣ አሞገሱት። ይህ በስማቸው ላይ የቀረ ትልቅ ነቀፋ ነው። በሜይ 1940 ኔቪል ቻምበርሌን እንዲወርዱ በፓርላማ ተናገሩ፤ አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ቸርችል በጥምር መንግሥታቸው ያቀረቡላቸውን ቦታ ግን አልተቀበሉም።

ባለቤታቸው ማርጋሬት በ1941 ሞቱ። በ1943 ለሠላሳ ዓመታት ጸሐፊያቸውና ውሽማቸው የነበሩትን ፍራንሲስ ስቲቨንሰንን አገቡ። በ1945 መጀመሪያ፣ ሎርዶችን ሲታገሉ የኖሩት ሰው ራሳቸው የሎርድነት ማዕረግ ተቀበሉ፤ በምክር ቤቱ ግን አንድ ቀን ሳይቀመጡ ማርች 26 ቀን በላኒስቲምድዊ ሞቱ። የተቀበሩት በመንደሯ አጠገብ በሚፈሰው በድዊቮር ወንዝ ዳር ነው።

ልጃቸው ጉዊሊም በኋላ ወደ ወግ አጥባቂዎች ተጠግተው ከ1954 እስከ 1957 የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። በ1929 ከዌልስ የተመረጡት የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ሜጋን ደግሞ በ1955 ሌበር ፓርቲን ተቀላቀሉ፤ በ1957 በካማርተን ማሟያ ምርጫም የሊበራሉን ዕጩ አሸንፈው ወደ ፓርላማ ተመለሱ።